ዕጢው በካሜራ ወጥቶ ሳለ ቀዶ ሕክምናው ለምን?

«ዶክተር፣ ዕጢው ወጥቷል አላላችሁኝም ነበር? እህል ይወርድልኛል፣ ሕመም የለኝም፤ ታዲያ አሁን ለምን ልቀደድ?» የጨጓራ ካንሰር ገና በጅምሩ ተገኝቶ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በጉሮሮ በሚገባ ካሜራ፣ የተወገደለት ሰው፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ኦፕራሲዮን ያስፈልግዎታል» ሲባል መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው ይህ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እርሻው፣ ሱቁ፣ ተማሪዎቹ ወይም መኪናው የሚጠብቁት ሰው፣ ደህና ነኝ ባለበት ሰዓት ሆዱን እንዲከፈት ሲጠየቅ ምክንያቱን በሚገባው አነጋገር መስማት አለበት። ምክንያቱ ሳይገባው «እሺ» ብሎ የወጣ ሰው በቀጠሮው ቀን ላይመለስ ይችላል።

ይህን የምጽፈው ለወረኢሉ፣ ለጃማ፣ ለለጋምቦና ለቦረና ሠርቶ አዳሪ ነው። የጨጓራ ካንሰርን ሆድ ሳይከፍቱ በካሜራው መሣሪያ ገፎ ማውጣት በአገራችን በሰፊው የሚሠራ ሕክምና አይደለም። ሆኖም የወሎ ልጅ ያልሄደበት አገር የለም። ሳዑዲ ወይም ሌላ ዓረብ አገር ሲሠራ ታምሞ እዚያው የታከመ፣ ወይም ዘመድ ረድቶት ውጭ አገር የታከመና ክትትሉን ሳይጨርስ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው የሕክምናው ሁለተኛ ክፍል እዚህ አገር ቤት ይቀረዋል። እንዳይቋረጥ ማድረግ ደግሞ በእጁ ነው።

ከምክንያቱ እንነሳ። የጨጓራ ግድግዳ በላይ በላዩ የተነባበረ ነው። ምግብ የሚነካው ውስጠኛው ሽፋን በጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ እንዳለ ምርጊት ነው፤ ከሥሩ ደም ሥሮችና የሊምፍ ቱቦዎች በብዛት የሚያልፉበት ሁለተኛ ሽፋን አለ፤ ከዚያ ጡንቻው ይከተላል። ካንሰሩ ከምርጊቱ ካላለፈ፣ ሐኪሙ በኢንዶስኮፒው ጫፍ በሚገባ ቀጭን መቁረጫ ያንን ሽፋን ከነዕጢው ይገፈዋል፤ በዚያም ሊያበቃ ይችላል። ወደ ሁለተኛው ሽፋን ከዘለቀ ግን የካንሰሩ ሕዋሳት በሊምፍ ቱቦዎቹ ገብተው ከጨጓራው ውጭ ወዳሉት ንፍፊቶች የመሄድ ዕድል ያገኛሉ። ካሜራው የጨጓራውን ውስጥ ያያል እንጂ ከጨጓራው ጀርባ ያሉትን ንፍፊቶች አያወጣም። እነሱን የሚያወጣው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። ሲቲ ስካንም ቢሆን በአንድ ንፍፊት ውስጥ የተደበቁ ጥቂት ሕዋሳትን ለይቶ ማሳየት አይችልም። ስለዚህ «ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው» ማለትና «ንፍፊቱ ንጹሕ ነው» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ካንሰሩ ምን ያህል ዘልቆ እንደነበር የሚታወቀው ታዲያ የወጣው ሥጋ በፓቶሎጂ ክፍል በማይክሮስኮፕ ከታየ በኋላ ነው። በካሜራ የተደረገው ሕክምና ማብቃት አለማብቃቱን የሚወስነው ይህ የፓቶሎጂ ወረቀት ነው። ከኢንዶስኮፒው ክፍል ሲወጡ «ተሳክቷል» ቢባሉ፣ ዕጢው ሳይደማና ጨጓራው ሳይበሳ በደንብ ወጥቷል ማለት ነው፤ ተፈውሰዋል ማለት ገና አይደለም። ውጤቱን ሳይሰሙ ወደ አገርዎ አይመለሱ፤ መመለስ ግድ ከሆነ ውጤቱን የሚቀበልልዎትን ሰው በስም አስመዝግበው ይምጡ።

ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚፈለግ ማወቅ ሐኪሙን ለመጠየቅ ይረዳል። የዕጢው ስፋት በሚሊ ሜትር ይጻፋል። ጥልቀቱ ይጻፋል፤ ወደ ሁለተኛው ሽፋን የዘለቀው ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው ወይስ በላይ የሚለው ትልቅ ልዩነት ያመጣል። የሕዋሱ ዓይነት፣ ማለትም ከጤናማው ሕዋስ መልክ ብዙ ያልራቀ ወይም ፈጽሞ የተለወጠ መሆኑ ይጻፋል። የሊምፍ ቱቦ ወይም የደም ሥር ውስጥ ካንሰር ታይቶ እንደሆነ ይገለጻል። በመጨረሻም የተቆረጠው ጠርዝ ነጻ መሆኑ ይነገራል፤ የጎን ጠርዝና የታች ጠርዝ ለየብቻ። የጎን ጠርዙ ብቻ ነጻ ካልሆነና ሌላው ሁሉ ጥሩ ከሆነ፣ በድጋሚ በካሜራ ማከም ወይም በቅርብ መከታተል ይቻል ይሆናል። የታችኛው ጠርዝ ነጻ ካልሆነ፣ ጥልቀቱ ካለፈ ወይም ቱቦ ውስጥ ካንሰር ከታየ ግን መደበኛው ምክር ጨጓራውን ከነንፍፊቱ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው።

ይህን ሕክምና በብዛት የሚሠሩት ጃፓኖች በካሜራ ታክመው ውጤታቸው አጥጋቢ ያልሆነ ሰዎችን አጥንተው የነጥብ መለኪያ አውጥተዋል። ካንሰሩ የሊምፍ ቱቦ ውስጥ ከታየ 3 ነጥብ ይያዛል፤ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ መስፋቱ፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ መዝለቁ፣ የደም ሥር ውስጥ መግባቱና የታችኛው ጠርዝ ነጻ አለመሆኑ እያንዳንዳቸው 1 ነጥብ ናቸው። ድምሩ 0 ወይም 1 ከሆነ፣ ከ100 ሰው በ2 ወይም በ3ቱ ብቻ ንፍፊት ውስጥ ካንሰር ተገኝቷል፤ ከ2 እስከ 4 ከሆነ በ7ቱ ገደማ፤ ከ5 እስከ 7 ከሆነ በ23ቱ ገደማ። ይህን መለኪያ ለሐኪምዎ ቢያነሱለት ቅር አይለውም። «የእኔ ነጥብ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ «እፈራለሁ» ብሎ ከመቅረት እጅግ ይሻላል።

ቁጥሩን አይተው «ከ100 ሰው 7ቱ ብቻ ከሆነ እኔ ከ93ቱ ነኝ» ሊሉ ይችላሉ። እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልናገር። የ75 ዓመት፣ የልብና የኩላሊት ሕመም ያለባቸው አዛውንት ነጥባቸው 1 ከሆነ፣ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከካንሰሩ የባሰ አደጋ ሊሆንባቸው ይችላል፤ ከሐኪማቸው ተማክረው በክትትል ቢቆዩ ሊነቀፉ አይገባም። የ45 ዓመት ጤነኛ ገበሬ ወይም መምህር ነጥቡ 4 ሆኖ ሳለ ግን መተው የለበትም ባይ ነኝ። የተደበቀው ካንሰር ቆይቶ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ ጉበት ወይም ራቅ ያለ ንፍፊት ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የማዳን ዕድሉ ጠቧል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም «በወጣው ጨጓራ ውስጥ ምንም ካንሰር አልተገኘም» ቢባሉ «በከንቱ ተቀደድኩ» አይበሉ። በእንዲህ ያሉ ሕሙማን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ውጤት ይኸው ነው፤ ቀዶ ሕክምናው የተደረገውም ይህን በእርግጠኝነት ለማወቅና ጥቂቶቹን ለማዳን ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን፣ ቀዶ ሐኪሙን ግን በብርቱ የሚያስጨንቀውን ነገር ላንሳ። ዕጢው በካሜራ ወጥቷል፤ ቁስሉም ሽሯል። ቀዶ ሐኪሙ ሆዱን ሲከፍት በእጁ ዳስሶ የሚያገኘው እብጠት የለም። ያ ዕጢ የነበረው ከጨጓራው አናት ምን ያህል ርቆ ነው? ከታች ወደ አንጀት መውጫው ቀርቦ ከነበረ የጨጓራው የታችኛው ክፍል ወጥቶ የላይኛው ሊቀር ይችላል፤ ወደ ላይ ከነበረ ጨጓራው በሙሉ ሊወጣ ይችላል። በእነዚህ ሁለት ቀዶ ሕክምናዎች መካከል ያለው ልዩነት የዕድሜ ልክ የአመጋገብ ልዩነት ነው። ስለዚህ በካሜራ ያከምዎት ሐኪም የጻፈው ሪፖርት፣ የዕጢው ፎቶግራፎች፣ ቦታውን ለማመልከት የተደረገ ቀለም ወይም ክሊፕ ካለ እሱን የሚገልጽ ማስታወሻ የግድ አብረውዎት መምጣት አለባቸው።

ከወረቀቱ በተጨማሪ የፓቶሎጂ ክፍሉ የሥጋውን ናሙና በሰም ውስጥ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ከሱ የተቆረጠውም በመስታወት ላይ ይቀመጣል። አዲሱ ሆስፒታል ውጤቱን እንደገና ማየት ቢፈልግ የሚጠይቀው እነዚህን ነው። ሲወጡ ጠይቀው ይውሰዱ፤ ከአገር የሚወጡ ከሆነ ደግሞ በተለይ። በዓረብኛ የተጻፈ ወረቀት ካለዎት እዚያው ሳሉ በእንግሊዝኛ እንዲጻፍልዎት ይጠይቁ፤ እዚህ ያለው ሐኪም ያነበዋል። ዋናውን በላስቲክ ጠቅልለው ቤት ያስቀምጡ፣ ኮፒውን ይዘው ይሂዱ፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፣ ለልጅዎ ወይም ለወንድምዎም ይላኩት። «ሆስፒታሉ ካርዴ ውስጥ አስቀምጦታል» ብለው አይተማመኑ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል መዘረፉን የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። ሰላም በሆነበት ጊዜም ካርድ ይጠፋል።

ጊዜውስ? በካሜራ የተገፈፈው ቦታ ቁስል ሆኖ ይቆያል፤ ኦሜፕራዞል ወይም መሰሉን በሥርዓት ከወሰዱ 8 ሳምንት ገደማ ባለ ጊዜ ውስጥ ይሽራል። በእነዚህ ሳምንታት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስመለስ፣ ራስ ማዞር ወይም ድንገተኛ ብርቱ የሆድ ሕመም ቢመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ነው። ተጨማሪው ቀዶ ሕክምና ግን ነገ ካልሆነ የሚባል ድንገተኛ አይደለም። ለጥቂት ሳምንታት፣ ሐኪሙ ከፈቀደም እስከ ሁለት ሦስት ወር ድረስ መዘጋጃ ጊዜ አለ። «ዘንድሮን ልለፍና ለከርሞ» ማለት ግን ከዝግጅት አልፎ መተው ይሆናል።

ይህ ጊዜ ለገበሬው ብዙ ነገር ነው። ሐኪሙ «ቀጠሮ መቼ ይሁንልዎት?» ሲል አንገት ደፍቶ «እርስዎ ባሉኝ» ከማለት፣ «አዝመራው የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ እስኪሰበሰብ ሦስት ሳምንት ያህል ብዘገይ ጉዳት አለው?» ብሎ በግልጽ መነጋገር ይሻላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር ማንሳት አይቻልም፤ ሞፈር መሸከም፣ በሬ ጠምዶ ማረስ፣ ነዶ ማንሳት ወደ ሦስት ወር ሊጠጋ ይችላል። 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ 20 ኪሎ ነው፤ የቀዶ ሕክምና ስፌት ያለባት እናት ልትሸከመው አይገባም፤ በእህል ማዳበሪያ ሥርም ትከሻዋን ማስገባት የለባትም። ስለዚህ ወደ ደሴ ከመሄድ በፊት መሬቱን ለእኩል የሚያርስ ሰው ወይም ወንፈል የሚገባ ጎረቤት ይፈለግ። ለቅሬው ሰብሳቢም ሁኔታውን መናገር ነውር የለውም። ቅሬ ለቀብር ብቻ የቆመ ማኅበር አይደለም፤ ለታማሚ አስታማሚ ሲያወጣና የትራንስፖርት ሲያዋጣ የኖረ ነው።

የጤና መድን ጉዳይ በጉዞው መጀመሪያ ላይ ነው የሚታሰበው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች፤ ስለዚህ ለዞኑ አዲስ ነገር አይደለም። የሚያሰናክለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የአባልነት ደብተሩ አለመታደሱ ነው። ሁለተኛው የሪፈር ሰንሰለቱን መዝለል ነው። ከወረኢሉ ወይም ከመካነ ሰላም ቀጥታ ተሳፍሮ ደሴ ወይም አዲስ አበባ የደረሰ ሰው፣ መድኑ ያለ ሪፈር ወረቀት ወጪውን ላይሸፍንለት ይችላል። ከጤና ጣቢያው ወደ ወረኢሉ ወይም መካነ ሰላም ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ጉዳዩ ከዚያም ካለፈ ወደ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ፤ በእያንዳንዱ እርከን ማኅተም ያለበት ሪፈር ይያዝ። ሪፈሩ ላይ «የጨጓራ ሕመም» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ እንዲስተካከል ይጠይቁ። «በኢንዶስኮፒ የታከመ የመጀመሪያ ደረጃ የጨጓራ ካንሰር፣ ለተጨማሪ ቀዶ ሕክምና» ተብሎ ሲጻፍ ተቀባዩ ሐኪም ቤት በትክክለኛው ሰልፍ ላይ ያስቀምጥዎታል።

ለተቀጣሪ ሠራተኛ ደግሞ ሕጉ መብት ሰጥቶታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም ምክንያት በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። ሠራተኛው በቀረ ማግስት ለአሠሪው ማሳወቅና የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ አለበት። የመንግሥት ሠራተኛው የሚተዳደረው በሌላ አዋጅ ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ይጠይቅ። ለሁሉም የምመክረው አንድ ነው፤ ከሆስፒታል ሲወጡ በሚሰጥዎት ማስረጃ ላይ የዕረፍት ቀኑ ብቻ ሳይሆን «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ከባድ ዕቃ አያነሳም» የሚለው ይጻፍልዎት። አለቃዎ ከዕረፍት በኋላ ወዲያው ወደ መጋዘን ሸክም እንዳይመልስዎ የሚያደርገው ይህ መስመር ነው።

ቀዶ ሐኪሙን ከሚጠይቋቸው ጥያቄዎች አንዱ «እዚህ ሆስፒታል የጨጓራ ማውጣት ቀዶ ሕክምና በብዛት ይሠራል?» የሚለው ይሁን። መድፈር አይደለም። በብዛት የሚሠራበት ቦታ ውጤቱ የተሻለ መሆኑ በብዙ አገር ተረጋግጧል። የደም ማነስ ካለ አስቀድሞ ይታከም፤ ሲጋራና ጫት ይቁም፤ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ፣ ለወገብ ሕመም የሚዋጠው ዳይክሎፌናክ ሳይቀር፣ ይነገር። ችግር ካልገጠመ የሆስፒታል ቆይታው ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ገደማ ነው። በእነዚያ ቀናት አስታማሚው ከቤት ያመጣውን አጥሚት በፍቅር ብዛት ያለ ፈቃድ እንዳያጠጣ። አዲሱ ስፌት ጊዜ ይፈልጋል።

ሲወጡ የሚሰጥዎት ማጠቃለያ ላይ የቀረው ጨጓራ ወይም ጉሮሮ ከአንጀት ጋር የተገናኘበት መንገድ ይጻፋል። «ቢልሮት 1»፣ «ቢልሮት 2» ወይም «ሩ-ኤን-ዋይ» የሚሉ ስሞች ቢያዩ አይደንግጡ፤ ከሐኪሞች ስም የመጡ ናቸው። ቴዎዶር ቢልሮት እ.ኤ.አ. በ1881 ቪየና ላይ ካንሰር ያለበትን የጨጓራ ክፍል አውጥቶ ታማሚዋን ከቀዶ ሕክምናው በሕይወት ያተረፈ የመጀመሪያው ሰው ነው። ወደፊት ኢንዶስኮፒ የሚያደርግልዎት ሐኪም መንገዱን የሚያውቀው ከዚህ ወረቀት ስለሆነ እሱንም ከሌሎቹ ጋር ያኑሩት።

አሁን ወደ ገበታው እንምጣ። ጨጓራ ምግብን ያዝ አድርጎ በጥቂት በጥቂቱ ወደ አንጀት የሚለቅ ነበር፤ ያ ከረጢት ጠቧል ወይም የለም። ስለዚህ በቀን ሦስቴ ጠግቦ መብላት ቀርቶ አምስት ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መብላት ይመጣል። ለወሎ ሰው ከባዱ ነገር ይህ አይደለም፤ ከባዱ «በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ!» የሚለው ጉርሻ ነው። በአንድ መሶብ አብሮ መብላት ለታማሚው ልኩን ያጠፋበታል። ለጥቂት ወራት ለብቻው በትንሽ ሳህን ይቅረብለት፤ ባለቤቱም ለእንግዳው «ሐኪም ነው ያዘዘው» ብላ አንድ ጊዜ ትናገርለት። መጀመሪያ ላላ ያለ ገንፎ፣ የአጃ አጥሚት፣ ለስለስ ያለ ሽሮ፣ እንቁላል፣ የላመ ምስር፤ ቀስ በቀስ እንጀራ፣ በደንብ እየታኘከ። ቆሎ፣ ጥሬ ሥጋና ቃጫ የበዛበት አትክልት ይቆዩ። ውኃ ከምግብ ጋር ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይጠጣ።

ጣፋጭ ነገር ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ በቀጥታ ቀጭን አንጀት ሲደርስ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ሌላም አለ፤ ከበሉ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በኋላ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ድንገት ወርዶ ብርክ፣ ድካምና የዓይን ብዥታ ሊመጣ ይችላል። ይህን ለሹፌሮች አጥብቄ እናገራለሁ። ምሳውን አቀስታ ላይ በደንብ በልቶ፣ ለስላሳ ጠጥቶ ወደ ደሴ መሪ የጨበጠ ሰው፣ ይህ የሚይዘው ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ነው። ሰውነትዎ ለየትኛው ምግብ እንዴት እንደሚመልስ እስኪያውቁ፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ወራት፣ ሰው ጭነው አይንዱ፤ ወደ መሪው ሲመለሱም ትንሽ ዳቦ ከጎንዎ አይጥፋ። መንቀጥቀጡ ሲጀምር መኪናውን አቁመው ይብሉ።

ቡናው አይከለከልም፤ ግን ከአቦል እስከ በረካ በባዶ ሆድ አይሁን፤ ስኳሩም ይቀነስ። የብረት ማዕድን እንክብል የሚወስድ ሰው ከቡናና ከሻይ ያርቀው፤ ቡናና ሻይ ሰውነት ብረቱን እንዳይቀበል ያደርጋሉ። ይህ እንክብል ሰገራን ስለሚያጠቁር ደግሞ በእሱ አይደንገጡ፤ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና የሚሸት ጥቁር ሰገራ ግን ሌላ ነው። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ኪሎው እየቀነሰ ላለ ሰው ከዚህ የከፋ ጠላት የለም።

ጾምን በተመለከተ ከአካባቢው ሰው ጋር በአክብሮት መነጋገር ያስፈልጋል። በቀን ስድስት ጊዜ እንዲበላ የታዘዘ ሰው ረመዳንን ከንጋት እስከ ምሽት መጾም፣ ወይም በዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት አይችልም። ቁርኣን ለታመመ ሰው መፍታትን ፈቅዷል። ኦርቶዶክሱም ለንስሐ አባቱ ወረቀቱን አሳይቶ ይማከር። ጠበል የሚጠጣ ሰውም ይጠጣ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ሊትር መጠጣትንና መድኃኒት ማቋረጥን ግን አዲሱ ሆድ አይችለውም፤ ይህንን ለአጥማቂው አባት አስቀድሞ መንገር ይቻላል።

ጨጓራው በሙሉ የወጣለት ሰው ቫይታሚን ቢ 12ን ከምግብ መውሰድ ስለማይችል ዕድሜውን ሙሉ በመርፌ ያስፈልገዋል፤ መርፌው እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ይወጋል። አደገኛው ነገር ጉድለቱ ቶሎ አለመታየቱ ነው። ጉበት ያከማቸው ለዓመታት ያቆያል፤ ሰውየው «መርፌውን ትቼ ምንም አልሆንኩም» ይላል፤ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ እግሩ ይደነዝዛል፣ ይረሳል፣ ደሙ ይወርዳል። የነርቩ ጉዳት ደግሞ ሁሌም አይመለስም። መርፌውን ለመወጋት ደሴ መመላለስ አያስፈልግም፤ ትእዛዙ ከተጻፈ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ሊወጋ ይችላል። የጨጓራው ክፍል የቀረለትም ቢሆን በየዓመቱ ደሙን ያስለካ።

ወደ ሥራ መመለስ ይቻላል። በጃፓን የቤዝቦል አሠልጣኝ የነበረው ሳዳሃሩ ኦ እ.ኤ.አ. በ2006 ለጨጓራ ካንሰር ጨጓራውን በሙሉ አስወጥቶ በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑን መምራት ቀጥሏል። የጠረጴዛ ሥራ ያለው ሰው ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ኪሎ መቀነሱ ግን ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ሰው «ከስተሃል» ባለ ቁጥር በሽታው የተመለሰ አይምሰልዎት። በየወሩ በአንድ ሚዛን ተመዝነው ይጻፉት፤ ሐኪሙ ከወሬው ይልቅ በዚያ ይፈርዳል።

በካሜራው ሕክምና ብቻ በቃዎት የተባሉ ሰዎችም ነጻ አልወጡም። ካንሰር ያበቀለው ጨጓራ ሌላ ቦታ ላይ ሊያበቅል ስለሚችል በየዓመቱ ኢንዶስኮፒ ያስፈልጋል። ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ካለ ይታከም፤ ሲታከም አዲስ ካንሰር የመነሳቱ ዕድል በብዙ ይቀንሳል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ የወላጅ፣ የወንድም፣ የእህት ጨጓራ ካንሰር የታወቀበት ሰውም ቢመረመር መልካም ነው። ምርመራው ትክክል እንዲሆን ኦሜፕራዞልን ከሁለት ሳምንት በፊት፣ አንቲባዮቲክን ከአራት ሳምንት በፊት ማቆም ያስፈልጋል፤ ይህንም ሐኪሙ አውቆት ይሁን።

የመጨረሻው ቃሌ ገና ካሜራ ላላየው ሰው ነው። ከላይ ያለው ሁሉ የሚሠራው ካንሰሩ በጅምሩ ሲገኝ ነው። ደቡብ ኮሪያ ከ40 ዓመት ጀምሮ ዜጎቿን በየሁለት ዓመቱ የምትመረምረው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ኦሜፕራዞል ከፋርማሲ እየተገዛ ዓመታት ያልፋሉ፤ መድኃኒቱም ሕመሙን ያስታግሣል፣ በሽታውን ግን ሊሸሽገው ይችላል። ያለ ምክንያት የከሳ፣ በትንሽ እህል ቶሎ የሚጠግብ፣ የሚያስመልስ፣ ሲውጥ የሚያንቀው፣ ጥቁር ሰገራ ያየ፣ ያልታወቀ የደም ማነስ ያለበት፣ ወይም ዕድሜው ከ50 ዓመት አልፎ አዲስ የጨጓራ ሕመም የጀመረው ሰው ሌላ ጥቅል እንክብል ሳይገዛ ወደ ጤና ጣቢያው ይሂድ። ለሐኪሙም «ጨጓራዬን ያመኛል» ብቻ አይበል፤ ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት ኪሎ እንደቀነሰ፣ ስንት ወር ኦሜፕራዞል እንደወሰደ ይንገረውና «ለኢንዶስኮፒ ሪፈር ይጻፉልኝ» ብሎ ይጠይቅ።